ነባሩን ሳያፈርሱ አዲስ ስለ መጨመር፦ በምናባዊ ዓለም የሚገኙ መሣሪያዎች የመልእክት ደንብ



አንድ መሣሪያ ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበትን ደንብ፣ ማለትም ፕሮቶኮል የሚባለውን፣ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ይበልጥ የሚከብደው አንድ ጊዜ ወጥቶ ብዙ ሰው የለመደውን ደንብ ማስፋት ነው። ደንቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ሰው በባዶ ቦታ ላይ ቤት ይሠራል። የሚያሰፋው ግን ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ላይ ፎቅ የሚጨምር ነው፤ ከታች ያሉትን ሳያስወጣ፣ ግድግዳውን ሳይሰነጥቅ፣ ውሃውንና መብራቱን ሳያቋርጥ ሥራውን መፈጸም አለበት።

ለዚህ ንግግር በምሳሌነት የተመረጠው ስፍራ ለአንዳንድ አድማጮች እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም ሰከንድ ላይፍ በመባል የሚታወቀው ምናባዊ ዓለም ነው። ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ይህን ዓለም ለሕዝብ የከፈተው በ2003 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዎች በኮምፒዩተራቸው አማካይነት ምስለ አካል ይዘው ይገቡበታል፤ ይገናኙበታል፤ ይነግዱበታል። መሬቱ እያንዳንዱ ጎኑ 256 ሜትር በሆነ ክልል የተከፋፈለ ነው። የመሐንዲስን ዓይን የሚስበው ግን በዚያ ያለው ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ በርና መብራት በአብዛኛው የኩባንያው ሳይሆን የነዋሪዎቹ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። ማንም ሰው አንድ ዕቃ ሠርቶ፣ ስክሪፕት የሚባለውን አጭር ፕሮግራም በውስጡ አስገብቶ እንዲንቀሳቀስ ሊያደርገው፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል።

ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የእነርሱ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያስገድድ ደንብ አውጪ መሥሪያ ቤት የለም። ኩባንያው ድምፅ የሚተላለፍበትን መንገድ ይሰጣል እንጂ በዚያ መንገድ ምን እንደሚባል አይወስንም። ያን የሚወስኑት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በትልልቆቹ የመገናኛ መረቦች ዘንድ በኮሚቴ ብዛትና በሰነድ ክምር ተሸፍኖ የሚኖረው ችግር እዚህ ራቁቱን ይታያል።

አንድ ስክሪፕት መልእክት የሚያስተላልፈው በንግግር አምሳል ነው። ቢያንሾካሹክ እስከ 10 ሜትር፣ በመደበኛ ድምፅ ቢናገር እስከ 20 ሜትር፣ ቢጮኽ እስከ 100 ሜትር ይሰማል፤ ክልሉን በሙሉ የሚያዳርስ ትእዛዝም፣ ለአንድ ዕቃ ብቻ ለይቶ የሚናገር ትእዛዝም አለው። ንግግሩ የሚሄደው ቁጥር በተሰጠው ቻናል ነው። ቻናል 0 ሰዎች የሚነጋገሩበት አደባባይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ቁጥር ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ ከዜሮ በታች ያለውም ጭምር፣ ለመሣሪያዎች ክፍት ነው። ከአራት ቢሊዮን በላይ ቻናል ማለት ነው። የአንዱ መልእክት ርዝመት ከ1024 ባይት አይበልጥም። የሚያዳምጠው ስክሪፕት መልእክቶቹን በወረፋ ይቀበላል፤ ወረፋው 64 ጉዳይ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ የተረፈው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጣላል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልጉ በአእምሮ ቢያዙ መልካም ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ አንድ ሠሪ መብራት ሠራ ይባል። መብራቱ በአንድ ቻናል ላይ ያዳምጣል፤ «አብራ» ሲባል ይበራል፤ «አጥፋ» ሲባል ይጠፋል። ሁለተኛው ሠሪ ይህን ደንብ አንብቦ ማብሪያ ማጥፊያ ሠራ። ሦስተኛው በተከፈተ ቁጥር መብራቱን የሚያበራ በር ሠራ። ደንቡ በሁለት ቃል ያለቀ ስለ ሆነ ማንም አይሳሳተውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አራተኛው ሠሪ ድምቀቱና ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት፣ ለእርሱም የሚስማማ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ይዞ መጣ። ለእርሱ «አብራ» ብቻ አይበቃውም፤ በግማሽ ድምቀት አብራ፣ ቢጫ አድርገህ አብራ ማለት ይሻል።

መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ትእዛዙን ማስረዘም ነው፤ «አብራ 50» ማለት። ነገር ግን የቀድሞው መብራት ስክሪፕት የተጻፈው የመጣው መልእክት «አብራ» ከሚለው ቃል ጋር ፍጹም እኩል መሆኑን እንዲመለከት ነው። «አብራ 50» ለእርሱ ባዕድ ቃል ስለ ሆነ ዝም ይላል። አዲሱን ማብሪያ ማጥፊያ የገዛው ሰው በአዳራሹ ከሰቀላቸው መብራቶች አሮጌዎቹ ጨልመው ያያል፤ የሚያማርረውም አዲሱን ሠሪ ሳይሆን የአሮጌውን መብራት ሠሪ ነው። ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ነው።

የአሮጌውን መብራት ስክሪፕት ማስተካከል ነው እንጂ ምን ችግር አለ የሚል ይኖራል። ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዓለም አንድ ዕቃ ሲሸጥ ሦስት ዓይነት ፈቃድ ይታይበታል፤ የማሻሻል፣ የመቅዳትና ለሌላ የማስተላለፍ። ሠሪው የማሻሻል ፈቃድ ካልሰጠ ገዢው ስክሪፕቱን ከፍቶ ማንበብ እንኳ አይችልም። ብዙ ሠሪዎች ሙያቸው እንዳይሰረቅባቸው ሲሉ ይህን ፈቃድ ይነፍጋሉ፤ መብታቸውም ነው። ታዲያ ሠሪው ያን ዓለም ትቶ ከሄደ ወይም ከሞተ ዕቃው እንደ ተዘጋ ይቀራል። ከሩቅ ሆኖ አዲስ ስክሪፕት የሚጭን ትእዛዝ ቢኖርም፣ የሚሠራው ዕቃው አስቀድሞ በምስጢር ቁጥር የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ በተሠራበት ቀን ያልታሰበበት ዕቃ ዛሬ አይደረስበትም። በዚህ ምክንያት ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ቤቱን ያደራጀበት ዕቃ፣ ሌላ ሰው በሌላ አገር ተቀምጦ በጻፈው አንድ መስመር ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካም ውስጥ ቢሆን አቅራቢው የከሰረ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ የተረከበ መሐንዲስ ይህን ሁኔታ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

እንግዲህ አራተኛው ሠሪ «አብራ» የሚለውን ቃል እንደ ነበረ ትቶ፣ አስከትሎ «ድምቀት 50» የሚል ሌላ መልእክት ቢልክ፣ አሮጌው መብራት የመጀመሪያውን ሰምቶ ይበራል፤ ሁለተኛውን አያውቀውምና ያልፈዋል። አዲሱ መብራት ሁለቱንም ይፈጽማል። አዳራሹ አንድ ዓይነት ድምቀት ባይኖረውም አይጨልምም። የነባሩ ቃል ትርጉም ስላልተነካ፣ የአዲሱም ቃል አለመሰማት ጉዳት ስለሌለው ነገሩ ተሳካ።

ነገር ግን ይህ ዘዴ ለሁሉ የሚሆን አይደለም፤ ብዙ ሰውም የሚሰናከለው እዚህ ነው። በመብራት ፈንታ በር ይወሰድ። ነባሩ ደንብ «ክፈት» እና «ዝጋ» ነው። አንድ ሠሪ በሩን ለተመረጡ እንግዶች ብቻ መክፈት ፈልጎ «ክፈት» ካለ በኋላ «ለእንግዳ ብቻ» የሚል መልእክት ቢያስከትል፣ አሮጌው በር የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውን ያልፈዋል፤ ለመንገደኛው ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈታል። የሚጨመረው ነገር ችሎታ ሲሆን ያልሰማው ቢያልፈው አይጎዳም፤ የሚጨመረው ገደብ ሲሆን ግን ያልሰማው ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ገደብ ያለበት ትእዛዝ ከነባሩ ቃል ጋር ሳይጣበቅ ራሱን የቻለ አዲስ ቃል ሊሆን ይገባዋል፤ ለምሳሌ «ለእንግዳ ክፈት» የሚል አንድ ወጥ መልእክት። አሮጌው በር ይህን አያውቀውምና እንደ ተዘጋ ይቆያል። ያ ያናድድ እንደ ሆነ ነው እንጂ አያሰርቅም።

ከዚህ የሚሻለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለዚህ ከኤሌክትሮኒክ ፖስታ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ1982 በወጣው የፖስታ ማስተላለፊያ ደንብ መሠረት አንዱ ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ «ሄሎ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ደንቡን ማስፋት ባስፈለገ ጊዜ በ1993 የወጣው ሰነድ «ሄሎ»ን አልነካም፤ በአጠገቡ «ኢሄሎ» የሚል አዲስ ሰላምታ አቆመ። አዲሱ ሰላምታ የገባው ሰርቨር የሚያውቃቸውን ጭማሪዎች በዝርዝር ይመልሳል። ያልገባው አሮጌ ሰርቨር በቀድሞው ደንብ እንደ ተወሰነው ትእዛዙን አላውቀውም ብሎ በቁጥር 500 ይመልሳል፤ ደዋዩም ወደ አሮጌው «ሄሎ» ተመልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ማንም አልተቋረጠም። በ2012 የኤሌክትሮኒክ ፖስታ አድራሻ ከላቲን ሌላ በሆነ ፊደል፣ ስለዚህም በግእዝ ፊደል ጭምር፣ እንዲጻፍ የሚያስችለው ጭማሪ የገባው በዚሁ ከ19 ዓመት በፊት በተከፈተው በር ነው።

የመብራቱም ደንብ «ምን ታውቃለህ» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት፣ አዲሶቹ ዕቃዎች «ድምቀት፣ ቀለም» ብለው ሊመልሱ፣ አሮጌዎቹ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ልብ መባል ያለበት ግን፣ በፖስታው ደንብ አሮጌው ሰርቨር አላውቅም ብሎ ይመልሳል፤ እዚህ ግን መልሱ ዝምታ ነው። ዝምታን መልስ አድርጎ ለመውሰድ ጊዜ መወሰን ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ከተላከ በኋላ ይህን ያህል ሰከንድ ተጠብቆ መልስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ዕቃው አሮጌ ነው ተብሎ ይያዛል። ጊዜው ካጠረ በሥራ የተጨናነቀ ክልል ውስጥ ያለ አዲስ ዕቃ አሮጌ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከረዘመ ተጠቃሚው ማብሪያውን ነክቶ ይጠብቃል። የሚሻለው ጥያቄውን ተጠቃሚው ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን መዝግቦ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ከላይ የተጠቀሰው 64 የሚለው ቁጥር ይመጣል። በአንድ ትልቅ አዳራሽ 100 አዳዲስ መብራቶች ቢኖሩና ማብሪያ ማጥፊያው «ምን ታውቃለህ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። ስክሪፕቱ ደርሶ እስኪያነብባቸው ድረስ ወረፋው ከሞላ የተረፉት ይጠፋሉ፤ የጠፋባቸውም መብራቶች አሮጌ ተብለው ይመዘገባሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከመመለሱ በፊት በዕጣ የወጣ አጭር ጊዜ እንዲቆይ ደንቡ ማዘዝ አለበት። ሁለት መብራት ይዞ በቤቱ የሚፈትን ሠሪ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያየውም።

ሌላው አደጋ ማለቂያ የሌለው ምልልስ ነው። አንድ ዕቃ ያልገባውን ቃል ሲሰማ «አልገባኝም» ብሎ እንዲመልስ ቢደረግ፣ ሌላውም ዕቃ «አልገባኝም» የሚለው ቃል አልገባውምና እርሱም «አልገባኝም» ይላል፤ ሁለቱ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይነዛነዛሉ። ይህ ቀልድ ቢመስልም በ1983 የወጣው የቴልኔት ደንብ በግልጽ የተከላከለው ነገር ነው። በዚያ ደንብ ሁለቱ ወገኖች አድርግ፣ አታድርግ፣ አደርጋለሁ፣ አላደርግም በሚሉ አራት ቃላት እየተደራደሩ ጭማሪዎችን ይቀበላሉ ወይም ይተዋሉ፤ አንድ ወገን አስቀድሞ ወደ ገባበት ሁኔታ እንዲገባ ቢጠየቅ ግን መልስ እንዳይሰጥ ተወስኗል። መልስ አለመስጠት ራሱ የደንቡ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ሰነድ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ቁጥር 1024 ባይት ነበር። ይህ የኢትዮጵያን ፊደል በቀጥታ የሚነካ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። መልእክቱ የሚተላለፈው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው የፊደል አመሠጣጠር ነው። ይህን ዘዴ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ያወጡት ሲሆን፣ ነባሩን ሳያፈርሱ አዲስ የመጨመር ጥበብ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የቀድሞው አስኪ የተባለው ሰንጠረዥ 128 ምልክቶችን በ7 ቢት ይጽፍ ነበር፤ ስምንተኛው ቢት ባዶ ነበር። አዲሱ ዘዴ እነዚያን 128 ምልክቶች እንደ ነበሩ በአንድ ባይት ትቶ፣ ስምንተኛው ቢት የበራባቸውን ባይቶች ለዓለም ፊደላት ሁሉ መደባቸው። አሮጌ ጽሑፍ ምንም ሳይለወጥ አዲስ ጽሑፍም ሆነ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም የገባው በ1999 ነው፤ ቦታው ግን ከሰባት ዓመት በፊት በተሠራው ዕቅድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

ዋጋው ግን እኩል አይደለም። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «አማርኛ» የሚለው አራት ፊደል ያለው ቃል 12 ባይት ነው። ስለዚህ 1024 ባይት የሚይዘው 341 የግእዝ ፊደል ብቻ ነው። የስክሪፕቱ ቋንቋ የቃልን ርዝመት የሚለካበት ትእዛዝ ደግሞ የሚቆጥረው ባይትን ሳይሆን ፊደልን ነው። በላቲን ፊደል ብቻ የሚሠራ ሰው ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑለት ልዩነቱን አያውቀውም፤ 1000 ፊደል ያለበትን መልእክት በደኅና ያልፋል ብሎ ይልካል። ያው መልእክት በአማርኛ ሲሆን 3000 ባይት ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ይቀራል፤ የተቆረጠም መሆኑን የሚናገር የለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የሚሠራ ሰው ይህን ካላወቀ ሥራው ለላቲን ጸሐፊዎች ብቻ የሚሆን ነው።

ረጅም መልእክትን ከፋፍሎ መላክ እንግዲህ ከጭማሪዎች ሁሉ ቀድሞ የሚፈለግ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የመልእክቱን መለያ፣ ተራ ቁጥሩንና የቁራጮቹን ጠቅላላ ብዛት መያዝ አለበት፤ ለዚህም ከ1024 ባይት ላይ የተወሰነው አስቀድሞ ይቀነሳል። አሮጌው ዕቃ ቁራጭን እንደ ሙሉ መልእክት እንዳይወስድ፣ ተከፋፍሎ መላክ የሚፈቀደው «ምን ታውቃለህ» ለሚለው ጥያቄ አውቃለሁ ላለ ብቻ ነው። ቁራጭ የጎደለበት ተቀባይም የጎደለውን ቁጥር ጠርቶ ይጠይቃል እንጂ ያለውን ቀጣጥሎ አያነብብም።

ስለ ምስጢር የሚባለው አጭር ነው። ብዙ ሠሪዎች ከዜሮ በታች የሆነ ቻናል ሲመርጡ የተደበቁ ይመስላቸዋል። ቻናሉ ተራ ነዋሪ በመደበኛው የንግግር ሳጥን እንዳይጽፍበት ይረዳ ይሆናል፤ ቁጥሩን ያወቀ ስክሪፕት ሁሉ ግን ያዳምጥበታል፤ ይናገርበታልም። የተናጋሪውን ስም ማመንም አይገባም፤ ማንም ዕቃውን በፈለገው ስም ሊጠራው ይችላልና። ሊታመን የሚችለው ሥርዐቱ ራሱ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠውና ከመልእክቱ ጋር አብሮ የሚደርሰው መለያ ቁጥር ነው፤ በእርሱ የዕቃውን ባለቤት መጠየቅ ይቻላል። ባለቤትነትን ሳያረጋግጥ ትእዛዝ የሚፈጽም በር ጭማሪ ሳይሆን ጥገና ነው የሚያስፈልገው።

ከዚህ ቀጥሎ የቃላት ግጭት አለ። ሁለት ሠሪዎች ሳይተዋወቁ «ቀለም» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም ቢጨምሩት፣ አንዱ በስም አንዱ በቁጥር ቢጠብቀው፣ ሁለቱም ደንቡን ጠብቀው ገዢውን ያሳስቱታል። በ2007 የተጀመረውና ማንም ሰው የራሱን ምናባዊ ዓለም በራሱ ኮምፒዩተር እንዲያቋቁም የሚያስችለው ኦፕንሲሙሌተር የተባለ ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ አብነት ሰጥቷል። የሊንደን ቋንቋ ትእዛዞች ሁሉ በሁለት «ኤል» ፊደል ይጀምራሉ፤ ኦፕንሲሙሌተር የራሱን ትእዛዞች ሲጨምር ግን «ኦ ኤስ» በሚል ቅጥያ አስጀመራቸው። አንባቢው ትእዛዙ የማን እንደ ሆነ ከመነሻው ያውቃል፤ ሊንደን ላብ ነገ የሚጨምረውም ቃል ከእነርሱ ጋር አይጋጭም። ሠሪዎችም ጭማሪያቸውን በራሳቸው መነሻ ቃል ቢጀምሩ፣ ብዙዎች ሲስማሙበት ብቻ ያለ መነሻ ወደ ጋራው ደንብ ቢያስገቡት ይበጃል።

ይህ ሁሉ በሰነድ ተጽፎም ቢሆን በር ሊዝግ ይችላል። በኢንተርኔት ላይ የምስጢር ግንኙነትን የሚጠብቀው የቲ.ኤል.ኤስ. ደንብ የእትም ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ነበረው፤ ከሚያውቀው የላቀ ቁጥር የቀረበለት ሰርቨር ራሱ በሚያውቀው እንዲመልስ ታዝዞ ነበር። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አዲስ ቁጥር ስላልመጣ ያን ትእዛዝ ሳይፈጽሙ የተሠሩ መሣሪያዎች በዙ፤ አዲስ ቁጥር ሲያዩ ግንኙነቱን ይቆርጡ ጀመር። በዚህ የተነሣ በ2018 የወጣው እትም 1.3 በዚያ ቦታ የ1.2ን ቁጥር አስቀምጦ እውነተኛውን ቁጥር በሌላ ጭማሪ ውስጥ ለመደበቅ ተገደደ። ከዚያም በ2020 አንድ እንግዳ የሚመስል ሰነድ ወጣ፤ ደዋዮች ሆነ ብለው ትርጉም የሌላቸው፣ ለዚሁ የተመደቡ ቁጥሮችን በጭማሪዎቹ መካከል እንዲጥሉ የሚፈቅድ ነው። ያልታወቀውን ማለፍ የተሳነው መሣሪያ በዚህ ወዲያውኑ ይጋለጣል፤ ሠሪውም ሳይሸጠው ያርመዋል።

ለመብራቱና ለበሩ ደንብ ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። አዲሱ ማብሪያ ማጥፊያ አልፎ አልፎ ትርጉም የሌለው ቃል ይልካል፤ ያን ሰምቶ የሚቆም፣ የሚጮኽ ወይም የሚከፈት ዕቃ ካለ ለገበያ አልደረሰም።

አሮጌው ቃል መቼ ይሻር የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሊንደን ላብ በ2008 ሞኖ የተባለውን አዲስ የስክሪፕት ማስኬጃ ሲያስገባ፣ ለአንድ ስክሪፕት የሚፈቀደው ማህደረ ትውስታ ከ16 ኪሎባይት ወደ 64 ከፍ ብሏል። የአሮጌው ማስኬጃ ግን አልተነቀለም፤ ሠሪው ዳግመኛ ወደ አዲሱ ያልለወጠው ስክሪፕት በአሮጌው ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ሁለት ማስኬጃ ጎን ለጎን ማኖር ለኩባንያው ድካም ነው። ለዚያ መብራት ባለቤት ግን ማብሪያውን ሲነካ አዳራሹ እንደ ወትሮው በራ።